የሰባት ቁጥር የሙከራ ጉዞ

«እሷ? እሷማ ቤት ትሆናለች። ቤቱንስ ማን ይጠብቃል?»

የባሏ ድምፅ ነው። ስልክ ሲያወራ፣ ወሬው ሰውየው ያለበት ከተማ ድረስ በጉሮሮው ጉልበት የሚደርስ ይመስል ይጮኻል። ሜትር እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳች፤ መርፌው የተማሪ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ እንደተሰካ ቀረ። በእሷና በባሏ መካከል ያለው ግድግዳ፣ ግድግዳ ይባል እንጂ ስስ ጣውላ ነው። ሳሎኑን ለሁለት ከፍለው ግማሹን የስፌት ክፍል ያደረጉት የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በዚያ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። «እሷ» የተባለችው ማን እንደሆነች ለማወቅም ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ልጃቸው አግብታ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሌላ እሷ የለችም።

ሜትር ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈሩ የሰጣት ነው፤ እሷም ሳትከራከር ተቀብላዋለች። ባሏንም በስሙ የሚጠራው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መስመር ላይ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ስለኖረ፣ ሥጋ ሻጩም ፀጉር አስተካካዩም ሰባት ቁጥር ነው የሚሉት። ጡረታ ከወጣ ስምንት ወሩ ነው፤ ስሙ ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም። በስልክ ያነጋገረው ታላቅ ወንድሙን ነው። ሌላ ከተማ የሚኖር፣ ርዕሰ መምህር የነበረ፣ ባልም ሚስትም ጋሼ የሚሉት ሰው ነው። የፊታችን ዓርብ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ከቅዳሜና ከእሁድ ጋር ተገጣጥሞ ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ የለም፤ ጋሼም ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ከተማውን ሊጎበኝ ይመጣል። «ከተማውን የሚያሳየኝ ካንተ የተሻለ ሰው ከየት አገኛለሁ?» ብሎ የላከበት ቀን የሰባት ቁጥር ደረት በሁለት ጣት ሰፍቶ ነበር። ሜትር ሰውን በዓይኗ ነው የምትለካው፤ አትሳሳትም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ እቅድ ሲያወጣ ከረመ። እቅዱ በትልቅ ካርቶን ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ ዓርብ በቀይ፣ ቅዳሜ በሰማያዊ፣ እሁድ በአረንጓዴ። ምሳ የት እንደሚበላ፣ ሙዚየም በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ የሐይቁ ጀልባ በየትኛው ቀን ቢሆን ፀሐዩ እንደሚቀል ሁሉም በደቂቃ ተጽፏል። ሜትር ሻይ እያቀረበች፣ ሲጠይቃት እየመለሰች፣ ከዚህ ዓሣ ቤትና ከዚያ ዶሮ ቤት የቱ ይሻላል ሲላት ሁለቱንም የማታውቃቸው መሆኗን ሳታነሳ እየመረጠች አብራው ስታቅድ ነበር። እኔስ ብላ አልጠየቀችም። የሚጠየቅ ነገር አልመሰላትም። እዚህ ከተማ ሃያ ስምንት ዓመት ኖራ ጠንቅቃ የምታውቀው ጨርቅ ተራን፣ ጤና ጣቢያውንና ልጇ የተማረችበትን ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ሰው ለብሶ አጊጦ የሚዝናናበት ቀን ሁሉ ለባሏ የሥራ ቀን ነበር፤ በዓል በመጣ ቁጥር የሰውን ሚስትና ልጆች ወደ መዝናኛው የሚያደርሰው እሱ ነው። «ጡረታ ልውጣ እንጂ አንቺን ይዤ የማልዞርበት መንገድ አይኖርም» ይላት ነበር፤ አምናውም ታውቃለች። አሁን የዚያ ዙረት የመጀመሪያው ቀን ሲደርስ እሷ የቤት ዘበኛ ሆና ተመደበች።  ኮሌታውን ከመርፌው ስር አውጥታ ስታየው ስፌቱ ጠምሟል፤ ይህ ደግሞ በዓመት አንዴ እንኳ አይደርስባትም።

ሰባት ቁጥር ካርቶኑን ጠቅልሎ ብብቱ ስር ይዞ፣ ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የሸለመውን ሰዓት አስሮ ገባ። ፊቱ ላይ ደስታ ፈሷል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እሱን መቆጣት ቀላል ነበር፤ ክፋት ግን የለበትም፣ ያላሰበ ሰው ብቻ ነው።

«ተነሺ፣ ልበሺ» አላት። «ዛሬ የሙከራ ጉዞ አለብን።»

የሙከራ ጉዞ ማለት የአውቶቡስ መሥሪያ ቤቱ ልማድ ነው። አዲስ መስመር ከመከፈቱ በፊት አንድ አውቶቡስ ሰው ሳይጭን ከጫፍ ጫፍ ይሄዳል። ፊቱ ላይ «ሙከራ፣ ሰው አይጭንም» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ተቆጣጣሪው ሰዓት ይዞ ከሾፌሩ ኋላ ይቀመጣል። ክብደቱ የእውነት እንዲሆን በተሳፋሪ ፈንታ ወንበሮቹ ላይ የአሸዋ ከረጢት ይደረደራል። ሰባት ቁጥር በዘመኑ አራት መስመር እንዲህ ከፍቷል፤ የወንድሙንም ጉብኝት ያለ ሙከራ መጀመር ነውር ሆኖ ታየው። ከጎረቤታቸው ከጥርስ ሐኪሙ የሚዋሰው መኪና እስከ ዓርብ ስለማይለቀቅ ሙከራው በአውቶቡስ ይሆናል፤ የመኪናውን ደቂቃ እሱ በሐሳቡ ያቀናንሰዋል።

«ታዲያ እኔ አሸዋው መሆኔ ነው?» አለች ሜትር።

«አንቺ ጋሼ ነሽ። እሱ በሚሄድበት ትሄጃለሽ፣ እኔ ደቂቃ እይዛለሁ። መግባት የለም፣ መብላት የለም፤ በር ድረስ ደርሰን እንመለሳለን። ሦስቱን ቀን በአንድ ቀን እንጨርሰዋለን።»

ካርቶኑን የመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው። ስሟን ፈለገች። ጠዋት አንድ ሰዓት «ቁርስ፦ ሜትር» ይላል። ማታ ሦስት ሰዓት «በር መክፈት፦ ሜትር» ይላል። በሁለቱ መሐል ያለው ሰፊ ቀን ላይ የለችም። አልሄድም፣ የሰው ዩኒፎርም አለብኝ ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ደግሞ አሰበችው። ለጋሼ የተዘጋጀው ነገር ምን እንደሚመስል በጋሼ ስም ማየትም ማየት ነው። ተነሳችና ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ለልጇ ምርቃት ሰፍታ አንድ ቀን ብቻ የለበሰችውን አረንጓዴ ቀሚስ አወጣች።

«ለሙከራ እኮ ነው» አለ ሰባት ቁጥር ዓይኑ ፈጦ።

«ጋሼ በሽርጥ ይመጣል እንዴ? ጫማህን ቀይር፤ ከጋሼ ጋር ነው የምትሄደው።»

አውቶቡሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ተጋብተው በኖሩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር፤ እሷ ተሳፍራ ከሆነ እሱ ይነዳ ነበርና። ሰባት ቁጥር ወንበሩ አልመች አለው። መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ትከሻው ቀድሞ ይታጠፋል፤ ሾፌሩ ፍሬን ሊይዝ ሲል ደግሞ ከእሱ በፊት የሰባት ቁጥር ቀኝ እግር ወለሉን ይረግጣል። ሁለት ጣቢያ እስኪያልፉ ዝም ብላ አየችው፤ በሦስተኛው ጉልበቱን ያዘችለት። «ተወው፣ ይነዳበት» አለችው፤ ጥርሷን መክደን ግን አቃታት። ፊት ለፊት የተቀመጠች ገበያተኛ ሴትዮም ነገሩ ገብቷት ቅርጫቷን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። ሜትር በመስኮቱ ስታይ የማታውቃቸው ሕንፃዎች፣ የማታውቃቸው ዛፎች፣ አንድ ትልቅ ሰዓት ያለበት ግንብ አለፉ። እሱ የእያንዳንዱን ስም እየነገራት በሰዓቱ ላይ ያፈጥጣል።

ሙዚየሙ ላይ የተመደበው ስድስት ደቂቃ ነበር። ሰባት ቁጥር እዚያ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሰው ለማውረድና ለመጫን የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩል ስለነበር፣ ስድስት ደቂቃ ብሎ ሲጽፍ ቸርነት ያደረገ መስሎታል። ሠላሳ አንድ ዓመት «ሙዚየም የሚወርድ!» እያለ የጮኸበት ትልቁ የብረት በር ግን ተቆልፏል። ቢያንኳኩ አንድ ዘበኛ በመስኮት ብቅ አለ። ይህ የዕቃ ማስገቢያ ነው፣ የእንግዳ መግቢያው በዚያኛው መንገድ ነው፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር፣ ማን እንደሚልክ አናውቅም እንጂ በየቀኑ ሰው እየመጣ ይህንን በር ይደበድብብናል አላቸው። ሰባት ቁጥር ማን እንደሚልክ ያውቃል። አንገቱን ደፍቶ ግቢውን ዙሪያ ገባውን ሲሄድ ስንቱን ሰው ያለ ቦታው በር እንዳስደበደበ በልቡ ያስብ ነበር፤ ሜትር ደግሞ ከኋላው አረንጓዴ ቀሚሷን ሰብስባ ሳቋን አፍና ትከተለዋለች።

በሩ ላይ ሲደርሱ ሰዓቱን አይቶ «በቃ፣ እንመለስ» አለ።

«ጋሼ ይህን ሁሉ መንገድ ዞሮ ሳይገባ ይመለሳል?» አለችና የመግቢያውን ቲኬት ቆረጠች። ሻይ ከነዳቦው የሚያክል ዋጋ ነው። ውስጡ ቀዝቃዛና ሰፊ ነው፤ ወለሉ ተወልውሎ ፊት ያሳያል። ሰባት ቁጥር በሩጫ ሊያዞራት አስቦ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን የተቀመጠ የጥንት ሹም ካፖርት ፊት ስትደርስ ግን እግሯ ተተከለ። ከመግለጫ ጽሑፉ በፊት ስፌቱን ነው ያነበበችው። አንገቷን አዘንብላ፣ በርከክ ብላ፣ ከዚህኛው ጎን ወደዚያኛው እየሄደች ቆየች። ግራ እጅጌው ከቀኙ በአንድ ጣት ያጥራል አለችው። ሰውየው አንድ ትከሻው የወረደ ነበር፣ ሰፊው ደግሞ ይህን እንዳይታይበት ብሎ ከውስጥ ደርቦ ሰፍቶለታል፤ ሹሙ ከካፖርቱ ጎን በተሰቀለው ሥዕል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው በሰፊው ጥበብ ነው፣ የሰፊው ስም ግን የትም አልተጻፈም። ይህን ስትናገር ጉንጮቿ ቀልተው፣ እጆቿ በአየር ላይ ይሰፉ ነበር። ሌሎች ጎብኚዎች ቀስ እያሉ ተጠጉ፤ አንድ ሽማግሌ መነጽሩን አውጥቶ የቱ ጋ ነው ብሎ ጠየቃት፣ አሳየችው። ሰባት ቁጥር ሰዓቱን ሊያይ እጁን አነሳና ሳያየው መለሰው። ከሙዚየሙ ሲወጡ፣ ከገቡ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አልፏቸዋል።

ቀጥሎ ዓሣ ቤቱ ነው። ሰባት ቁጥር ይህን ቤት የመረጠው በዓይኑ ማስረጃ ነው። ትራፊክ መብራቱ ቀይ ሲሆን አውቶቡሱ ልክ ፊት ለፊቱ ይቆም ነበር፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ያለ ሰልፍ አይቶት አያውቅም። ይህን ያህል ሰው ይህን ያህል ዓመት የሚሰለፍለት ዓሣ ምን ቢሆን ነው እያለ ሲጎመጅ ኖሯል። ዛሬም ሰልፉ አለ። ደቂቃውን ሊይዝ ከኋላ ቆሙ። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆሙ በኋላ ሜትር ከፊቷ ያለችውን ወጣት ዓሣው በጣም ይጣፍጣል መሰለኝ አለቻት። ልጅቷ ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«የምን ዓሣ ነው እናቴ? እኛ የፓስፖርት ፎቶ ልንነሳ ነው።»

ሰልፉ በዓሣ ቤቱ በር በኩል አልፎ፣ ጥጉን ታጥፎ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ይገባል። ሰባት ቁጥር ካርቶኑን ገልጦ «ምሳ፣ 12 ደቂቃ» የሚለውን ጽሑፉን አየ፤ ከዚያ ወደ ሰማይ አየ። ሜትር ከእንግዲህ ሳቋን ለመያዝም አልሞከረች፤ የመብራቱን ምሰሶ ተደግፋ ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ክንዱን ይዛ ወደ ዓሣ ቤቱ ጎተተችው። በር ድረስ ነው የተባባልነው ቢላት፣ ጋሼ ርቦታል አለችው። ውስጡ ስድስት ጠረጴዛ አለ፤ ስድስቱም ባዶ ናቸው። ጋዜጣ ሲያነብ የነበረው ባለቤት ሰው ሲገባ ሲያይ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። ራሱ ነው የሚጠብሰው፣ ራሱ ነው የሚያቀርበው፤ ሰልፈኛው በሩን እየዘጋበት ሰው እንደማይገባለት እያማረረ ትኩስ ዳቦ፣ ሎሚና ሰላጣ ደረደረ። ዓሣው ከላዩ ተንኮሻኩሾ ከውስጡ የሚፈርስ ነበር። ዋጋውም ሰባት ቁጥር ገምቶ ከጻፈው እኩሌታ ነው። በአሥራ ሁለት ደቂቃ መብላት ከአውቶቡስ ማዞሪያ ያመጣው ልማድ ስለሆነ በዘጠነኛው ደቂቃ ሳህኑን ጨርሶ ጠራርጎ እጁን አጣመረ። እሷ ገና ከጭራው አልተነሳችም። እሾኩን በጣቷ ጫፍ እየለቀመች፣ ሎሚውን ጠብ እያደረገች፣ እያንዳንዱን ጉርሻ እያጣጣመች ትበላለች። ሲያያት ቆየ። ምግብ ስትበላ ተቀምጦ አይቷት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባው፤ እሱ በልቶ ይወጣል፣ እሷ ከዚያ በኋላ ቆማ ትበላለች። አንድ ዓሣ ድገመን አለው ባለቤቱን።

ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለው ምግብ ቤት የቅዳሜ እራት ነው። እዚያ የሄዱት ከቀትር በኋላ ነበር፤ ሜትርም ይህንን ቦታ ገና ካርቶኑ ላይ ስታየው ልቧ ደንግጧል፣ ደፍራ አልተናገረችም እንጂ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ነጋዴ ለዚህ ቤት አርባ ስምንት መጋረጃ አሰፍቷት ነበር። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ትልልቅ ቢጫ አበባ፣ ገበሩ ነጭ። ሁለት ወር ሙሉ ቤታቸው በጨርቅ ተሞልቶ ባሏ አልጋውን ፈልጎ የሚያገኘው አበባ እየገለጠ ነበር። ነጋዴው ጭኖ ሄደ፣ ተሰቅለው አላየችም። ባሏ ግን በማግስቱ መጥቶ በጣም ያምራል ብሏት ነበር፤ ሊያስደስተኝ ነው ብላ ዝም አለችው።

ሊፍቱ ተከፈተና ገቡ። ትልቅ አዳራሽ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ በሦስት ጎን መስታወት፤ ከመስታወቱ ወዲያ ከተማው በሙሉ እስከ ሐይቁ ድረስ ተዘርግቷል። ሜትር ከተማውን አላየችም። በመስኮቶቹ ላይ የተሰቀለው ነጭ መጋረጃ ነው።  ቀርባ ጫፉን በሁለት ጣቷ ያዘች፤ ማጠፊያው መጨረሻ ላይ ሦስቴ ወደኋላ የሚመለሰው ስፌት የእሷ ነው። ገልበጥ ብታደርገው አበባው ከነቢጫው ወደ መስታወቱ ዞሮ ተደብቋል። አስተናጋጆቹን የሚመራው ባለ ክራቫት ሰውዬ ምን ፈለጉ እናቴ ብሎ መጣ።

«የሰቀለው ሰው ገልብጦ ነው የሰቀለው። ይህ ገበሩ ነው።»

ሰውየው እዚህ ቤት ከተቀጠረ ሰባት ዓመቱ እንደሆነና መጋረጃው ነጭ መሆኑን ብቻ እንደሚያውቅ እየነገራት ሳለ ገለጠችለት። ወዲያው ሁለቱን አስተናጋጆች ጠርቶ አሳያቸው፣ እነሱም ወጥ ቤት ሄደው ሁለት ሰው ጠርተው መጡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰባት ቁጥር መሐል ወለል ላይ ቆሞ ነበር።

«አበባው ወደ መንገዱ ነው!» አለ በመጨረሻ። «ለዚህ ነው ለካ! እኔ እኮ የማየው ከታች ነው። አደባባዩ ላይ መብራት ሲይዘኝ ቀና እላለሁ፣ አበባው ይታየኛል። በቀን ስምንት ጊዜ! ውስጥ ያሉት እንደማያዩት በምን ልወቅ?»

ሜትር ወደ መጋረጃው ዞረች። በቀን ስምንት ጊዜ፣ አሥር ዓመት ከምናምን። ዕንባዋ መጣ፤ የደስታ ስለሆነ አልደበቀችውም። ባለ ክራቫቱ ሰውዬ የተሻለውን ጠረጴዛ በመስኮቱ ጥግ ሰጣቸው፣ ሻይና ኬኩን ያለ ክፍያ አደረገው፤ አርባ ስምንቱንም ዓርብ ከመድረሱ በፊት አስገልብጣለሁ ብሎ ማለላት። አንድ ብቻ እንዳለ ይተዉልኝ አለችው፣ አደባባዩ ላይ ለሚቆም ሾፌር።

በመስኮቱ ጥግ ተቀመጡ። ከታች ሰባት ቁጥር አውቶቡስ አደባባዩን ሲዞር ይታያል። ሜትር ልቧ ሞልቶ ነበር፤ ነገሩን ትታው ወደ ቤቷ ብትመለስም የዛሬው ቀን በራሱ በቂ ነው ለማለት ምንም አልቀራት። ነገር ግን ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አፍጥጦባታል። ቁርስ ሜትር፣ በር መክፈት ሜትር። ሹካዋን አስቀመጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ድምፅዋን ወፈር አድርጋ ልክ እንደ ጋሼ እጇን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል አደረገች።

«ለመሆኑ» አለች፣ «ሚስትህ የት አለች? ለምን አብራን አልመጣችም?»

ሰባት ቁጥር ሊስቅ ጀምሮ ግማሽ ላይ ቆመ። ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም።

«መኪናው አምስት ሰው ነው የሚይዘው፣ ጋሼ» አለ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ዘጠና ሰው ስትጭን ኖረህ ለአንዲት ሚስትህ ቦታ አጣህ?»

  ሰባት ቁጥር ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ ዓይኑን ከከተማው ላይ ሳያነሳ ተናገረ። «ጠዋት ጋሼም እንዲሁ ብሎ ነው የጠየቀኝ። ‹እሷስ? አብራን ትሆናለች አይደል?› ነው ያለኝ። የመለስኩለትን ሰምተሻል መሰለኝ።»

«ሰምቻለሁ። ጣውላው ስስ ነው።» ከዚያ በራሷ ድምፅ ቀጠለች። «አሁን ጋሼ አይደለሁም። እኔ ነኝ። ከፋኝ።»

እሱም ሰበብ አልደረደረም። ክፉ አስቤ አይደለም አላት። ምሽት ላይ አውቶቡሱን አስረክቤ ስመለስ የማገኝሽ ቤት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቤት ባልኩ ቁጥር አንቺን፣ አንቺን ባሰብኩ ቁጥር ቤቱን ሳስብ ኖሬ፣ ቤቱ ከቦታው እንደማይነሳ ሁሉ አንቺም የምትነሺ አልመሰለኝም አላት። «አጥፍቻለሁ» አለና ብዕሩን ከኪሱ አወጣ። ካርቶኑ አናት ላይ «መኪና» የሚለውን በሁለት መስመር ሰረዘና «ሰባት ቁጥር አውቶቡስ» ብሎ ጻፈበት፤ አውቶቡስ ስድስት ሰው በዛብኝ አይልም። «ቁርስ፦ ሜትር» የሚለውንም ሰርዞ «ቁርስ፦ ውጭ» አደረገው። እሷ ደግሞ ብዕሩን ተቀብላ የሙዚየሙን ስድስት ደቂቃ ሁለት ሰዓት አደረገችው፣ ለምሳውም ከአንድ ሰዓት በላይ ሰጠችው፤ ምክንያቱም ዓሣ ተሩጦ አይበላም። ሐይቁ ገና አልተሞከረም፣ ፀሐይዋም ማዘንበል ጀምራለች። እንድረስበት ሲላት ራሷን ነቀነቀች።

«ጀልባው ሳይሞከር ይቅር። አንዱን እንኳ ከሰው ጋር አዲስ ሆኖብኝ ልየው።»

ሲመለሱ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር፤ የተገኘው አንድ ወንበር ነው። እሷን አስቀምጦ ከአጠገቧ ቆመ። በሾፌሩ ትልቅ መስታወት ውስጥ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ሴትና ትከሻዋን የያዘ ሽበታም ሰውዬ ይታያሉ። በዚያ መስታወት ስንቱን ባልና ሚስት በበዓል ቀን እንዳየ፣ በሁሉም በልቡ ይቀና እንደነበር ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ነገራት። ፍሬን ሲያዝ እግሩ ወለሉን አልረገጠም።

ቤት ሲደርሱ ገና አልመሸም። ሜትር ወደ ስፌት ክፍሏ ገብታ የጠመመውን ኮሌታ መፍታት ጀመረች። ከጣውላው ወዲያ ሰባት ቁጥር እንደ ልማዱ እየጮኸ ይደውላል። እቅዱ ተለውጧል ጋሼ፣ በአውቶቡስ ነው፣ አዎ ስድስት ነን፣ እሷም አለች፣ እንዲያውም ሙዚየሙን የምታስጎበኘን እሷ ናት። እጇ መፍቻው ላይ ቆመ። የጋሼ ድምፅ አይሰማም፤ ግን ምን እንደጠየቀ ከመልሱ ይታወቃል።

«ቤቱንማ ቁልፉ ይጠብቀዋል።»

ሜትር ተነስታ ቀሚሷን አወለቀች፤ እጥፋቱን በእጇ አስተካክላ ወደ ቁም ሳጥኑ ልትመልሰው ስትል ትዝ አላት። በሩ ጀርባ ላይ፣ ለዓርብ፣ እጅ በሚደርስበት ሰቀለችው።